«ለእህትህ እንዳትነግራት» ያልኩበት ካሜራ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር የምኖር የ36 ዓመት የፊዚክስ መምህር፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ላለፉት ሰባት ዓመታት ከማስተማር የተረፈኝን ጊዜ ሁሉ የወሰደው ፎቶግራፍ ነው። መተዳደሪያዬ አይደለም፤ ገንዘብም አላገኝበትም። ግን ቅዳሜ ጠዋት ካሜራ ሳልይዝ ከቤት ከወጣሁ ጫማ ሳላደርግ የወጣሁ ይመስለኛል።

ያለኝ ካሜራ ያገለገለ ካኖን 600ዲ ነው። ሌንሴም አብሮት የመጣው ከ18 እስከ 55 የሚለው ብቻ ነው። የከተማችን ፎቶ ወዳጆች በየሁለት ሳምንቱ ተገናኝተን ሥራችንን እንተያያለን። አብዛኞቹ ሚረርለስ የሚባለውን፣ ውስጡ መስታወት የሌለውን አዲስ ዓይነት ካሜራ ገዝተዋል። እኔ ፎቶ ሳሳይ «ለ18 ሜጋፒክስል ጥሩ ነው» ይሉኛል። ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ይቆረቁራል። እውነታቸውንም ነው፤ ጨለም ባለ ቦታ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ወይ አሸዋ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ ወይ ይወዛወዛሉ። በቅርቡ እናቴ ቡና ስትቆላ በመስኮት በሚገባው ብርሃን አነሳኋት። ፊቷም ጭሱም አምሮ እጇ ተወዛውዞ ተበላሸብኝ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከስዊድን ለጥምቀት ይመጣል። «ካሜራ ከፈለግህ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ብሩን እዚያ ትሰጠኛለህ» ብሎኛል። በኅዳር ወር የእቁብ ዕጣ ይደርሰኛል፤ 200 ሺህ ብር ነው። ችግሩ፣ እቁቡን የገባነው ከባለቤቴ ጋር ተማክረን ጓሮ የጀመርነውን ሁለት ክፍል ቤት ቆርቆሮ አልብሰን ልናከራይ ነበር። እኔ ግን ለአማቼ «እሺ አምጣልኝ፤ ለእህትህ እንዳትነግራት፣ ቀስ ብዬ እኔው እነግራታለሁ» አልኩት። ይኸው ወር ሆነኝ፣ አልነገርኳትም። እሷ የቆርቆሮ ዋጋ እየጠየቀች ነው። አንድ ቀን ደግሞ «11 ሺህ ፎቶ አለኝ ትላለህ፣ ግድግዳችን ላይ ያለው ሌላ ሰው ያነሳው የሠርጋችን ፎቶ ብቻ ነው» ብላኛለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። ፎቶ የማስተካክልበትን ላይትሩም አንድ ሱቅ ነው የጫነልኝ፤ ያልተከፈለበት መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፔ ጤና የለውም፤ ባለፈው ሳምንት አንድ ሙሉ ፎልደር አልከፈት አለኝ። ወዳጆቼ ደግሞ ያለ ላይትሩም ፎቶ የለም ባዮች ናቸው። ሌላው፣ የአጎቴን ልጅ የቀለበት ዕለት አንስቻት «ትንሽ አቅላኝ» አለችኝ፤ አቀላኋት። እናቷ ፎቶውን አይተው «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አፈርኩ። ምን ይመክሩኛል?

ካሜራ ያስጨነቀኝ፣ ከጎንደር

—

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን መጀመሪያ ያነበብኩት እንደ አማካሪ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት ግን በወጣትነቱ ሩሲያ ሠራሽ ዜኒት ካሜራ አንጠልጥሎ አዲስ አበባን ሲዞር እንደነበረ ሰው ነው። ያኔ አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነበር። ከ36ቱ ሠላሳው ሲበላሽብኝ ጥፋቱ የካሜራው እንጂ የእኔ ሆኖ አያውቅም። የጃፓን ካሜራ ከነበረው ጓደኛዬ ጋር ስገናኝ የእኔን ኮቴ ሥር እደብቀው ነበር። ስለዚህ «ይቆረቁራል» ስትል ምን ማለትህ እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አያስፈልግም።

ከገንዘቡና ከትዳርህ በፊት ስለ እናትህ እጅ እንነጋገር። በደብዳቤህ ስለ ዕቃ ብዙ ጽፈሃል፤ እኔ በዓይነ ሕሊናዬ ያየሁት ፎቶ ግን እሱን ብቻ ነው። እስቲ ያን ፎቶ ክፈትና አብሮት የተመዘገበውን ቁጥር ተመልከት። የሹተሩ ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ 1/15 ሰከንድ ገደማ፣ የሌንሱ ክፍተት ደግሞ ኤፍ 5.6 (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክፍተቱ ይሰፋል) ቢሆን አይገርመኝም፤ ያ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከዚያ የበለጠ አይከፈትምና። ፊታቸው ጥርት ብሎ እጃቸው ብቻ ከተወዛወዘ፣ አንተም አልተንቀጠቀጥህም፣ ፎከሱም አልሳተም ማለት ነው። እጃቸው ከሹተሩ ቀደመ፤ ሌላ ጥፋት የለበትም።

የራስህን ትምህርት ለራስህ ላስተምር ነውና ይቅርታ አድርግልኝ። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሚባል ሌንስ አለ። ካኖን ከሚሠራቸው ርካሽ ሌንሶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ዓይነት 160 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ኮት ኪስ ውስጥ ይገባል። አሁን 5.6ን ለ1.8 አካፍልና ውጤቱን በራሱ አባዛው። ወደ አሥር ይጠጋል። በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበትን መጠን ሳትነካ አሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ይገባልሃል ማለት ነው። 1/15 የነበረው ፍጥነት 1/125 ይሆናል፤ ለአንድ ቡና ለሚቆላ እጅ ደግሞ 1/125 ብዙ ነው። ፍጥነቱ ካላስፈለገህም በአይኤስኦው ቀንሰው፤ ከ6400 ወደ 800 ስትወርድ «አሸዋ» ያልከው አብዛኛው ይራገፋል።

ዕዳም አለው። ሌንሱ ያን ያህል ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ይሳሳል፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ብታነሳቸው ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓይናቸውን ወይስ እጃቸውን? መምረጥ ይኖርብሃል። በአንተ ካሜራ ላይ ደግሞ 50ው እንደ 80 ሆኖ ስለሚያጠብ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባህ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። ይህን አስቀድመህ እንድታውቅ ያህል ነው።

ወዳጆችህ ስለ አዲሶቹ ካሜራዎች የሚሉት ሐሰት ነው አልልህም። ያንተ 600ዲ ፎከስ የሚያደርግባቸው ነጥቦች ዘጠኝ ናቸው፤ በሰከንድም ከአራት ያነሰ ፎቶ ነው የሚያነሳው። አዲሶቹ የሰው ዓይን ራሳቸው ፈልገው ይዘው ይከተላሉ። ጥር 11 ጠዋት በፋሲል መዋኛ ጠበሉ ከተባረከ በኋላ ወጣቶቹ እየዘለሉ ሲገቡ ልዩነቱ ይታያል። ይሁን እንጂ እዚያም መላ አለ። የሚዘሉበትን ቦታ አንዴ ካወቅህ ሌንሱን በእጅ ፎከስ አድርገህ እዚያው ውኃ ላይ አስቀምጠው፣ 1/1000 ሰከንድ አድርግና ጠብቃቸው። እነሱ ወደ ፎከስህ ይመጣሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አዲስ ካሜራ አያስፈልግህም። ፍላሽ ባይፈቀድልህም ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት አይንቀሳቀሱም፤ ክርንህን ደረትህ ላይ አጥብቀህ ትንፋሽህን ብትይዝ 1/15ም ይበቃሃል።

ስለ 18 ሜጋፒክስሉ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የካሜራህ ፎቶ 5184 በ3456 ነጥብ፣ ማለትም 18 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ነው። ጥሩ ማተሚያ ቤት በሚያትምበት ጥራት፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብታሳትመው 44 በ29 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ከዚያ የበለጠ ትልቅ አሳትመህ ታውቃለህ? ጨርሶ አሳትመህስ ታውቃለህ? ባለቤትህ የጠየቀችህ ይህንኑ ይመስለኛል፣ በሌላ ቃል።

ውሳኔ ከመወሰንህ በፊት አንድ ሥራ ልስጥህ፤ ሁለት ምሽት ቢወስድብህ ነው። ከጣልካቸው ፎቶዎች የመጨረሻዎቹን 200 አውጣና የተበላሹበትን ምክንያት አንድ በአንድ ጻፍ። ሰው ተወዛውዞ ነው? አሸዋ በዝቶበት ነው? ፎከሱ ስቶ ነው? ወይስ ሁሉም ደህና ሆኖ ፎቶው ራሱ የሚያየው የሌለው ሆኖ ነው? ፎከስ ስቶ የጠፋው ከበዛ የወዳጆችህን ወገን ይዤ አዲስ ካሜራ ያስፈልግሃል እላለሁ። የጨለማው ከበዛ ግን ትንሹ ሌንስ ይፈታዋል። ያ ሌንስ ደግሞ ነገ የሚጣል አይደለም። ካኖን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሠራቸው የዚያ ቤተሰብ ሌንሶች በ2018 በጀመሩት በአዲሶቹ የኩባንያው ሚረርለስ ካሜራዎችም ላይ በማገናኛ ቀለበት ይሠራሉ። ሌላ ፋብሪካ ከመረጥህ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ያኔ በአብዛኛው የምትገዛው ካሜራ ብቻ ሳይሆን ሌንሱንም ሁሉ እንደ አዲስ ነው። የካሜራውን ዋጋ የነገሩህ ወዳጆችህ ይህንንም ነግረውህ ይሆን?

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። የከበደኝ 200 ሺህ ብሩ አይደለም። «ለእህትህ እንዳትነግራት» የሚለው ነው። ለማን እንደተናገርከው አስበኸዋል? ለገዛ ወንድሟ። ከስንት ጊዜ በኋላ አገሩ ገብቶ፣ በቤታችሁ ማዕድ ቀርቦ፣ እሷ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ስታወራ፣ እሱ ሻንጣው ውስጥ ያለውን እያሰበ አንገቱን ደፍቶ ሲጎርስ ይታይህ። አንተ አንድ ትንሽ ምስጢር የያዝህ መስሎሃል። እኔ የሚታየኝ ምስጢር ታቅፈው የተቀመጡ ሁለት ወንዶችና ለሁለቱም ቡና የምታፈላ አንዲት ሴት ናት።

ክፉ ሆነህ ነው አልልም። ክፉ ብትሆን ለእኔ አትጽፍም ነበር። ግን የፈራኸው ምን እንደሆነ ለይተኸዋል? እንቢ ትለኛለች ብለህ ነው? እሺ ብላ ትቀየመኛለች ብለህ ነው? ወይስ «ከ11 ሺሁ የቱን አየነው?» ብትልህ መልስ የለኝም ብለህ? ሦስቱ የተለያዩ ፍርሃቶች ናቸው። እኔ እንደምጠረጥረው ያንተ ሦስተኛው ነው፤ ተሳስቼም ይሆናል።

በእኔ ግምት መንገዱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። በመጀመሪያ ለአማችህ ደውልለትና «ካሜራውን ተወው፤ ከእህትህ ሳልማከር የተናገርኩት ስህተት ነው፣ አንተንም ያላግባብ አስገባሁህ» በለው። ትንሽ ትሸማቀቃለህ፤ እሱ ግን እፎይ ይላል። ከዚያ በዚያው ቀን ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለባለቤትህ ንገራት። ወሬውን ከካሜራው ጥቅም አትጀምር። ካደረግከው ጀምር፤ «እቁቡን ሳላማክርሽ ለሌላ ነገር ላውለው ነበር፤ ለወንድምሽም ደብቅ ብዬዋለሁ።» ምናልባት ከገንዘቡ ይልቅ ወንድሟ ቀድሞ ማወቁ ያናድዳት ይሆናል። ትናደድ። አትከራከር፣ «ግን እኮ» አትበል። ከሁሉም በላይ፣ በዚያ ምሽት ካሜራ አትጠይቃት። ይቅርታና ልመና በአንድ ትንፋሽ ከወጡ ይቅርታው የልመናው መግቢያ ይመስላል።

ሳምንት ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ስለ ሌንሱ ማንሳት ትችላለህ። ያኔ የ200 ፎቶዎቹን ዝርዝር ይዘህ፣ የምትጠይቀውም ከእቁቡ ጥቂቷን ብቻ ሆኖ ትቀርባለህ። ጣሪያው ግን ይቅደም ባይ ነኝ። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ አማችህ ዛሬ የነገረህ ዋጋ ጥር ላይ በብር ስንት እንደሚሆን እሱም አያውቅ፣ አንተም አታውቅ። ጣሪያ ከለበሰ ቤት ግን በየወሩ ኪራይ ይገባል፤ ከኪራዩ በወር ይህን ያህል ለካሜራ ይቀመጥ ብላችሁ ብትስማሙ ካሜራህን ማንም ሳይደበቅ ትገዛለህ። ባለቤትህ ደግሞ «ግዛው፣ ጣሪያው ይቆያል» ብትልህስ? ያኔ ውሳኔው የሁለታችሁ ነው፤ እኔ አፌን እዘጋለሁ።

የላፕቶፑ ነገር አይደር። ያን ላይትሩም ከማጥፋትህም በፊት ፎቶዎችህን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ፎቶዎቹ ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደው የታመቀ የፎቶ ፋይል ከሆኑ 11 ሺሁ ሰባና ሰማንያ ጊጋባይት ቢሆን ነው። ሁለት ቅጂ ይኑርህ፣ አንዱ እናትህ ቤት ይቀመጥ። ላፕቶፑ የታመመው በፕሮግራሙ ይሁን በሌላ፣ እኔ ሳላየው አልፈርድም፤ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ፕሮግራም ከልጆችህ ፎቶ ጋር አንድ ቤት ማሳደር ግን አይመከርም። ላይትሩም ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ችግሩ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር አዲስ ስሪት የለውም፤ በውጭ ምንዛሪ እየከፈልክ የምትቀጥልበት ነው። በምትኩ ዳርክቴብልና ራውቴራፒ የሚባሉ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆኑ አሉ። ዳርክቴብል ኃይለኛ ነው፤ ግን አሮጌ ላፕቶፕ ያስለቅሳል፣ ለመልመድም ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ብሆን የምጀምረው ካኖን ለካሜራው ባለቤቶች በነጻ ከሚሰጠው ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናል ነው። ከኩባንያው ድረ ገጽ ስታወርደው የመለያ ቁጥር ከጠየቀህ ካሜራህን ገልብጠህ ሆዱ ላይ ታገኘዋለህ።

ፕሮግራሙ የሚጠቅምህ ግን ካሜራህን ራው በሚባለው፣ ካሜራው የመዘገበውን ብርሃን ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ፋይል እንዲያነሳ ስታዘው ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ሲይዝ ያንተ ካሜራ ራው 16,384 ይይዛል። ጥላ ውስጥ የቀረ ፊት ስታወጣ ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ይህ ደግሞ ወደ አጎትህ ልጅ ይወስደናል። ካሜራ ብርሃን የሚለካው ከፊቱ ያለው ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው። የአገር ልብስ የለበሰች፣ ነጠላ ያጣፋች ልጅ ስትቆምለት ነጩ ይበዛበትና ሊያጠቁረው ይሞክራል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷ ይጨልማል። እሷም ፎቶውን ታይና «አቅላኝ» ትላለች። ምናልባት የፈለገችው መቅላት ሳይሆን መታየት ነበር። ይህ የአንተ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ቀለም ማመሳከሪያ ብሎ የሚልከው ካርድ ላይ የነበረችው ለረጅም ጊዜ ነጭ ሴት ነበረች፤ ስሟን ወርሶ ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር። ጥቁር ፊት በዚያ ልክ ሲታተም ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀር ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከፀሐይ አውጥተህ ታዛ ሥር አቁማት፣ ፊቷን ወደ ደጁ አዙር፣ የብርሃን መለኪያውን ፊቷ ላይ ብቻ አድርገው። የነጠላው ጥለት እንዳይጠፋ ራው አንሳ። ነጠላውንም ከአንገቷ በታች ሰፋ አድርጋ ብትይዘው ብርሃን ወደ አገጯና ወደ ዓይኗ ሥር ይመልስልሃል፤ ይህን ለፊዚክስ መምህር መንገሬ ራሱ ድፍረት ነው። ስታስተካክለው ብርሃኑን ጨምር፣ የቆዳዋን ቀለም ግን አትንካ። «አሁንም አቅላኝ» ብትልስ? ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገህ ለእናቷ አሳይና እሳቸው ይምረጡ። ከእናት ጋር የሚከራከር የለም።

ወዳጆችህን አትተዋቸው። ከማያነሱ ሰዎች ጋር ከመቀመጥ ከሚቀልዱብህ ጋር መቀመጥ ይሻላል። ለሚቀጥለው ስብሰባ ግን ላፕቶፑን ቤት ተወውና 30 በ40 ያሳተምከውን አንድ ፎቶ ይዘህ ሂድ፤ ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ማን እንደሚጠይቅህ እይ። ከስብሰባው ስትመለስ የት እንደሚሰቀል ባለቤትህ ትወስን።

ሌንሱ የመጣ ዕለት ደግሞ ወደ እናትህ ቤት ሂድ። ያው መስኮት፣ ያው ሰዓት፣ ኤፍ 1.8፣ 1/125። ቡናው እስኪጋጋል ድረስ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጣ፤ እናቶች ካሜራ ሲያዩ እጃቸውን ሰብስበው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።